የፉኬ ወርቅ ቤት

ፓሪስ ውስጥ፣ ማሬ በሚባለው አሮጌ ሰፈር፣ የከተማዋን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ የሚተርክ ካርናቫሌ የተባለ ሙዚየም አለ። ቤቱ መሠረቱ በ1548 የተጣለ የመኳንንት መኖሪያ ነበር፤ በደብዳቤዎቿ የታወቀችው ማዳም ደ ሴቪኜም ለሃያ ዓመት ገደማ ኖራበታለች። ሙዚየም የሆነው በ1880 ነው። ከክፍሎቹ በአንዱ ውስጥ አንድ ሱቅ ከነደጁ፣ ከነመስኮቱ፣ ከነባንኮኒውና ከነመብራቱ ቆሟል። በ1901 ከዚህ ራቅ ባለ ሰፈር፣ ሩ ርዋያል በተባለው ጎዳና ቁጥር 6 ላይ የተከፈተው የዦርዥ ፉኬ ወርቅ ቤት ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የድሮ መኝታ ቤትና የድሮ እልፍኝ በየሙዚየሙ ሞልቷል። ቤተሰብ የአያቱን ክፍል አይነካም፤ አንዳንዴም ለመቶ ዓመት እንዳለ ይተወዋል። ሱቅ ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ነጋዴ ዕቃው አዲስ መሆኑን የሚያሳየው በቤቱ አዲስነት ጭምር ስለሆነ፣ በየትውልዱ ባንኮኒው ይነቀላል፣ ግድግዳው ይቀባል፣ የመስታወት ሣጥኑ ይለወጣል። ጌጣጌጥ የሚሸጥበት ቤት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ለፋሽን ተገዥ ነው። ስለዚህ ይህንን ክፍል ሳስብ ከውበቱ በፊት የሚያስደንቀኝ መኖሩ ነው። የተረፈበት መንገድም ብዙ ሰው ከሚገምተው የተለየ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ሰለቸው፣ ራሱ ነቀለው፣ ራሱም አስቀመጠው።

ዦርዥ ፉኬ በ1862 ተወለደ። አባቱ አልፎንስ ፉኬ በፓሪስ የተከበረ ጌጣጌጥ ሠሪ ሲሆን፣ ልጁ ድርጅቱን በ1895 ተረከበ። ጊዜው ለጌጣጌጥ ሠሪዎች መንታ መንገድ ነበር። በ1860ዎቹ መጨረሻና በ1870ዎቹ መጀመሪያ በደቡብ አፍሪካ በኪምበርሊ አካባቢ የተገኘው አልማዝ የአውሮፓን ገበያ አጥለቅልቆት ነበር። የአንድ ጌጥ ዋጋ የሚለካው በድንጋዩ ክብደት ሆነ፤ የአንጥረኛው ሥራም ድንጋዩን አጥብቆ ከመያዝ ብዙም ሳያልፍ ቀረ። በዚህ የተሰላቹ ጥቂት ባለሙያዎች ሌላ መንገድ ፈለጉ። ከእነሱ ዋነኛው ረኔ ላሊክ ነበር፤ ፉኬም በዚያው ጎዳና ተከተለ። ቀንድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቅርጹ ያልተስተካከለ ሉል፣ ኦፓል፣ ኢናሜል እንደ ክቡር ድንጋይ መቆጠር ጀመሩ። የሚከፈለውም ለቁሱ መሆኑ ቀርቶ ለእጅና ለሐሳብ ሆነ።

ከእነዚህ ሙያዎች አንዱን ማብራራት ተገቢ ነው፤ ያለ እሱ የሱቁን መስኮቶች መረዳት ይከብዳል። ኢናሜል ማለት ተፈጭቶ ዱቄት የሆነ ባለቀለም መስታወት ነው። በብረት ላይ ይደረግና በምድጃ ሲጋል ቀልጦ ይጣበቃል። የተለመደው ኢናሜል ከሥሩ ብረት አለው። በፉኬ ዘመን እጅግ የተወደደው ግን ፕሊክ አ ዡር የሚባለው ነው። ሠሪው በወርቅ ሽቦ ትናንሽ ክፍሎች ያበጃል፣ ለጊዜው ከሥራቸው ስስ ብረት ያደርጋል፣ ዱቄቱን ሞልቶ ይተኩሳል። መስታወቱ ሲረጋ የሥሩን ብረት በአሲድ ያሟሟዋል ወይም ይልጠዋል። የሚቀረው ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ውኃ ተርብ ክንፍ የሳሳ ገጽ ነው። በእሳቱ ላይ ጥቂት ቸኩሎ ወይም ጥቂት ዘግይቶ የሰነጠቀበት ሰው ሥራውን ከሀ ይጀምራል።

ወደ ፉኬ የመጣው ሠዓሊ ግን አንጥረኛ አልነበረም። አልፎንስ ሙኻ በ1860 ዛሬ ቼክ ሪፐብሊክ በሆነችው አገር፣ በሞራቪያ፣ ኢቫንቺትሴ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። በፓሪስ በመጽሐፍና በመጽሔት ሥዕል እየተዳደረ ሳለ፣ በ1894 መጨረሻ በበዓል ሰሞን፣ ዝነኛዋ ተዋናይት ሳራ ቤርናር ጊስሞንዳ ለተባለው ቴአትሯ በአስቸኳይ ፖስተር ፈለገች። ሙኻ ያን ጊዜ በሌሜርሲዬ ማተሚያ ቤት ነበር። ሥራው ለእሱ ተሰጠና ፖስተሩ በ1895 መባቻ በከተማዋ ግድግዳዎች ላይ ተለጠፈ። ጠባብና ረጅም፣ ቀለሙ የለዘበ፣ ተዋናይቷን እንደ ቅድስት ያቆመ ሥዕል ነበር። ቤርናር ለስድስት ዓመት አስፈረመችው፤ ከዚያ በኋላ ፓሪስ ስሙን አልረሳችም።

ሁለቱን ሰዎች ያገናኘውም ፖስተር ነው። ሙኻ በ1898 ሜዴያ ለተባለው ቴአትር በሠራው ሥዕል ላይ የቤርናር ክንድ በእባብ አምባር ተጠምጥሟል። በወረቀት ላይ ብቻ የነበረው ይህ አምባር በቀጣዩ ዓመት በፉኬ ቤት እውን ሆነ። ከወርቅና ከኢናሜል የተሠራ እባብ አንጓን ይጠመጠማል፣ ራሱ በእጅ ጀርባ ላይ ያርፋል፣ ከእሱም ቀጫጭን ሰንሰለቶች ተነሥተው ጣት ላይ ከሚጠለቅ ሌላ ትንሽ እባብ ጋር ይያያዛሉ። እጅ እንዲታጠፍ ማጠፊያዎች ተበጅተውለታል። የእባቡ ራስ በኦፓል የተሸፈነ ሲሆን ሩቢና አልማዝም አለበት። አምባሩ ዛሬ የሚገኘው በጃፓን፣ በኦሳካ አጠገብ ባለችው በሳካይ ከተማ፣ በሙኻ ስም በተሰየመ ሙዚየም ውስጥ ነው።

በ1900 ፓሪስ ታላቁን የዓለም ኤግዚቢሽን አዘጋጀች፤ ወደ 50 ሚሊዮን ጉብኝት ተቆጠረ። ፉኬ በሙኻ ንድፍ የተሠሩ ጌጦችን አቀረበ። ግዙፍ የደረት ጌጦች፣ ረጃጅም ሰንሰለቶች፣ በኢናሜል የተሣሉ የሴት ፊቶች ነበሩበት። አብዛኞቹ ለዘወትር የሚለበሱ አልነበሩም። ፉኬ ይህንን የሚያውቅ ይመስለኛል፤ የድርጅቱ የዘወትር ነዳፊ ሻርል ዴሮዚዬ የሚለበሱትን ጌጦች እየነደፈለት ስለነበር፣ ከሙኻ የሚፈልገው ከጌጥ ሰፋ ያለ ነገር ነበር። ከኤግዚቢሽኑ በኋላ ከአቬኑ ደ ሎፔራ ወደ ሩ ርዋያል ሊዛወር ሲወስን፣ አዲሱን ሱቅ ከፊቱ ገጽ እስከ ውስጥ ዕቃው እንዲነድፍ ለሙኻ ሰጠው።

የቦታው ምርጫ ብልህ ነበር። ሩ ርዋያል ከኮንኮርድ አደባባይ ወደ ማድሌን ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ አጭርና ሰፊ ጎዳና ነው። ከጎዳናው ማዶ፣ ቁጥር 3 ላይ፣ ማክሲም የተባለው ምግብ ቤት ነበር፤ በሌሊት ጌጥ አጥልቀው የሚታዩ ሴቶችና ሒሳቡን የሚከፍሉ ወንዶች የሚሰበሰቡበት። ሌሎቹ ታላላቅ ጌጣጌጥ ቤቶችም ወደዚሁ የከተማዋ ክፍል እየተጠጉ ነበር፤ ቡሽሮን በ1893 ቫንዶም አደባባይ ገባ፣ ካርቲዬ በ1899 ሩ ደ ላ ፔ ላይ ከፈተ። እነሱ ግን ቤታቸውን ያስጌጡት በቀደሙት ነገሥታት ዘመን አምሳል ነው። ደንበኛው ሲገባ የቬርሳይን ጥላ እንዲያይ ፈለጉ። ፉኬ ከነሐስና ከመስታወት የተሠራ የራሱን ዘመን አሳየው።

አሁን ከደጁ እንጀምር። የሱቁ ፊት በሚጠማዘዝ መስመር የተቀረጸ ሲሆን፣ በመካከሉ ጌጥ የያዘች ሴት የነሐስ ቅርጽ ቆማለች። ሙኻ ነደፋት፤ ቀራጩ ኦገስት ሴይስ ነው። ከበላይዋ፣ እንደ ፕሊክ አ ዡር ኢናሜል ብርሃን በሚያሳልፍ ባለቀለም መስታወት የተሠሩ የሴት ራሶች ይታያሉ፣ ፀጉራቸው በጌጥ የተሞላ። ከጎዳና ለሚያልፍ ሰው መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ በፖስተር ያያችኋት ሴት እዚህ ውስጥ ናት፣ በጆሮዋ ያለውም ይሸጣል። የፖስተሩ ሠዓሊ የሱቁን ፊት ራሱን ፖስተር አድርጎታል። ብዙ ጸሐፊዎች ይህንን ክፍል እንደ ንጹሕ የጥበብ ሥራ ብቻ ያወድሱታል። እኔ ግን የገበያው ብልኃት ከጥበቡ የሚነጠል አይመስለኝም፤ ክፍሉን ሕያው ያደረገው ያ ነው።

ወደ ውስጥ ሲገቡ ቀጥ ያለ መስመር ማግኘት ይቸግራል። እንጨቱ ከወለል ተነሥቶ እንደ ግንድ ይወጣል፣ ከላይ ይታጠፋል፣ በመካከሉም የመስታወት ሣጥን ያቅፋል። ጌጡ በጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ሸቀጥ መምሰሉ ቀርቶ ከግድግዳው የበቀለ ፍሬ ይመስላል። ወንበሩ፣ መብራቱ፣ ሣጥኑ፣ የነሐሱ ዝርዝር ሁሉ ከአንድ እጅ የወጣ ነው። ሙኻ ለሱቁ ያዘጋጃቸው ንድፎችም በሙዚየሙ ስለሚገኙ፣ እርሳሱ ያሰበውንና እንጨት ሠሪው የፈጸመውን ማነጻጸር ይቻላል። አር ኑቮ የሚባለው የዚያ ዘመን እንቅስቃሴ ይሰብከው የነበረው ይህንኑ ነው፤ ሠዓሊ ከሸራው ወጥቶ ለበር እጀታም ይጨነቅ፣ ማንኪያና ቤተ መንግሥት በአንድ ዓይን ይታዩ ይል ነበር። ሙኻ ራሱ በ1902 ለባለሙያዎች የሚሆን የንድፍ መጽሐፍ አሳትሟል፤ አበባና ቅጠል እንዴት ወደ ጌጥ፣ ወደ ሰሃን፣ ወደ ወንበር እንደሚለወጥ የሚያሳይ ነው።

ዓይን መጨረሻ የሚያርፈው በጣዎሶቹ ላይ ነው። ሁለት ናቸው፤ አንዱ ጅራቱን ዘርግቷል። በዚያ ዘመን ጣዎስ የቅንጦት ምልክት ሆኖ በየቦታው ይታይ ነበር፤ ሠዓሊው ዊስለር በ1876 እና በ1877 በለንደን ለአንድ ባለጸጋ የሠራው የጣዎስ ክፍል ታዋቂ ነው፤ እሱም ተነቅሎ ዛሬ በዋሽንግተን ሙዚየም ይገኛል። ነገር ግን ጣዎስ ለዚህ ሱቅ ከቅንጦት ያለፈ ተስማሚነት አለው። የጣዎስ ላባ ሰማያዊና አረንጓዴ ቀለም እንደ ማቅለሚያ በላባው ውስጥ የለም። በዓይን የማይታዩ፣ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ብርሃኑን መርጠው ስለሚመልሱት ነው የምናየው። የኦፓል ኅብረ ቀለምም እንዲሁ ነው። ተመራማሪዎች በ1960ዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ እንዳዩት፣ ኦፓል እኩል መጠን ባላቸው ጥቃቅን የሲሊካ ሉሎች የተሞላ ነው፤ ብርሃን በእነሱ መካከል ሲያልፍ ይበተንና ድንጋዩ ሲዞር ቀለሙ ይለዋወጣል። ሙኻና ፉኬ ይህንን ሳይንስ ሊያውቁ አይችሉም ነበር። ዓይናቸው ግን ወፉና ድንጋዩ ዘመዳሞች መሆናቸውን ደርሶበታል፤ በጣዎስ ሥር ኦፓል የሸጡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። (ዛሬ ኦፓል ሲባል የእኛ አንባቢ ደላንታንና ወገል ጤናን ያስታውሳል። የዚያ የወሎ ኦፓል በዓለም ገበያ የገነነው ግን ከ2008 ወዲህ ነው፤ በፉኬ ዘመን የአውሮፓ ገበያ ፊቱን ወደ አውስትራሊያ አዙሮ ነበር።)

እንዲህ የተደከመበት ሱቅ ስንት ዓመት አገለገለ? ሃያ ሁለት። የሙኻ ስልት በአበበበት ፍጥነት ጠወለገ። ከ1910 ገደማ ጀምሮ የተጠማዘዘ መስመርና ፀጉሯን የለቀቀች ሴት የአያቶች ነገር ሆኑ። ጦርነት መጣ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሴቶች ፀጉራቸውን ቆረጡ፣ ቀሚሳቸው አጠረ፣ ለደረት የሚከብደው ጌጥ የሚሰቀልበት ቦታ አጣ። የፉኬ ልጅ ዣን በድርጅቱ ገብቶ ከማሽን ክፍሎች ጋር የሚመሳሰሉ፣ በክብና በአራት ማዕዘን የተገነቡ ጌጦችን መሥራት ያዘ። አባትየውም ከጊዜው ጋር ሄደ። በ1923 የሙኻ ክፍል ተነቅሎ በዘመናዊ ተተካ።

በዚያን ጊዜና ከዚያ በኋላ በመላው አውሮፓ የአር ኑቮ ሥራዎች ያለ ርኅራኄ ይፈርሱ ነበር። በፓሪስ ኤክቶር ጊማር ከሠራቸው የሜትሮ መግቢያዎች ብዙዎቹ ተነቃቅለዋል። በብራስልስ ቪክቶር ኦርታ በ1899 ያጠናቀቀው የሕዝብ ቤት እንኳ በ1965 ወድሟል። ፉኬ ያንን መንገድ ቢከተል ማንም አይወቅሰውም ነበር። ክፍሉ ከፋሽን ወጥቷል፣ ቦታ ይይዛል፣ ገዢ የለውም። እሱ ግን እንዲነቀል እንጂ እንዲሰበር አላደረገም፤ ክፍሎቹን አስቀመጣቸው። በ1941 ደግሞ ለካርናቫሌ ሰጣቸው።

ዓመቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፓሪስ ያን ጊዜ በጀርመን ጦር እጅ ነበረች። የፉኬ ድርጅት ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ1936፣ ተዘግቷል። ሙኻ በ1910 ወደ አገሩ ተመልሶ እስከ 1928 ድረስ የስላቭ ሕዝቦችን ታሪክ በሃያ ግዙፍ ሸራዎች ሲሥል ቆይቶ፣ በ1939 ጀርመኖች ፕራግን ሲይዙ በጌስታፖ ተይዞ ተመረመረ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር አረፈ። ፉኬ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ ጥበበኛው ሞቶ፣ ድርጅቱ ተዘግቶ፣ ከተማዋ ተይዛ፣ ብዙዎች የሚንቁትን ያንን ክፍል ለከተማዋ ሙዚየም አደራ ሰጠ። ከሠራቸው ጌጦች ሁሉ ይልቅ በዚህ ሥራው እኔ ፉኬን አከብረዋለሁ። ባለሙያ በክብሩ ጊዜ ሥራውን ቢወድ አይገርምም፤ ሥራው በተናቀበት፣ እሱም ራሱ በሰለቸው ጊዜ ለማያውቀው ትውልድ ማስቀመጥ ግን ብርቅ ነው።

ያ ትውልድ ብዙ አልዘገየም። ፉኬ በ1957 ሞተ። በ1963 በለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የሙኻ ትርኢት ሲከፈት ወጣቶች ጎረፉ፤ በአሥር ዓመቱ ውስጥ የሙኻ መስመር በሙዚቃ ፖስተሮች ላይ እንደገና በቀለ። በ1989 ካርናቫሌ ወደ ጎረቤቱ ወደ ለ ፔልቲዬ ደ ሳን ፋርዦ ሕንፃ ሲሰፋ ሱቁ ተገጣጥሞ ለሕዝብ ተከፈተ። ሙዚየሙ ከ2016 ጀምሮ ለእድሳት ተዘግቶ በ2021 ሲከፈትም ቦታውን አልለቀቀም። ቋሚ ክፍሎቹን ለማየት ክፍያ የለም። በ1901 በዚህ በር ለመግባት ግን ኪስ ይጠይቅ ነበር።

እንዲህ ያለ ክፍል የሚያጣውንም መናገር ይገባል። የሱቁ ፊት የተነደፈው ለጎዳና ብርሃን ነበር፤ ባለቀለም መስታወቱ ጠዋት ሌላ፣ ማታ የሱቁ መብራት ከውስጥ ሲበራ ሌላ ይመስል ነበር። ሕንፃ ውስጥ የገባ የሱቅ ፊት ፀሐይ አታገኘውም። ከሁሉ በላይ የጎደለው ሻጩ ነው። በዚህ ዓይነት ቤት ደንበኛ አይቆምም፤ ይቀመጣል፣ ይጠየቃል፣ ከሣጥኑ አንድ ጌጥ ብቻ ወጥቶ ይቀርብለታል። ክፍሉ የተሠራው ለዚያ ዝግታ ነው። ስለዚህ ጎብኚ ወደ ውስጥ ሲመለከት አንድ ደንበኛ ተቀምጣ ከየት ወደ የት ታይ እንደነበር ቢያስብ ይረዳዋል። የጣዎሱ ከፍታ፣ የሣጥኖቹ አቀማመጥ፣ የመብራቱ አወራረድ ትርጉም የሚሰጡት ከተቀመጠ ሰው ዓይን ሲታዩ ነው።

ከዚህ የሚወጣ ሰው በሙዚየሙ ሌሎች ሁለት ክፍሎችን ሳያይ እንዳይሄድ እመክራለሁ። አንደኛው ሕንፃ ነዳፊው አንሪ ሶቫዥ በ1899 ለካፌ ደ ፓሪስ የሠራው ትንሽ ሳሎን ነው፤ የዚያው የአር ኑቮ ዘመን ልጅ ቢሆንም ከሙኻ ይልቅ ለስላሳና ቁጥብ ነው፤ ከሱቁ ጋር ሲነጻጸር ሙኻ ምን ያህል ደፋር እንደነበር ይታያል። ሁለተኛው የብረት ባለጸጎቹ የደ ቫንዴል ቤተሰብ የዳንስ አዳራሽ ነው፤ እሱም ከነበረበት ተነቅሎ የመጣ ነው። ግድግዳውን በ1920ዎቹ አጋማሽ የሣለው ስፔናዊው ሆሴ ማሪያ ሴርት ሲሆን፣ የመረጠው ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ንግሥተ ሳባ ከነአጀቧ ወደ ሰሎሞን ስትጓዝ ያሳያል። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ በፓሪስ መሐል ማክዳን ሲያገኝ እግሩ መቆሙ አይቀርም። ለዚህ ጽሑፍ የሚጠቅመኝ ግን ዘመኑ ነው፤ የ1920ዎቹ ፓሪስ የሙኻን ጥምዝ መስመሮች የጣለችው ጌጥን ስለጠላች ነው የሚባለውን ይህ አዳራሽ ያፈርሰዋል። ሴርት አጀቡንና ግርማውን በግድግዳ ሲሞላ፣ ፉኬ የጣዎሶቹን ሱቅ ከነቀለ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር።